ናፍቆት አይወረስም፦ በስደት ስለ ልጆቻችን እምነት

በስደት ዓለም የምንኖር ኢትዮጵያውያን ክርስቲያኖች ሁለት ሦስት ሆነን በተገናኘን ቁጥር ከሀገር ቤት ፖለቲካ ቀጥሎ የምናነሳው ጉዳይ ቢኖር የልጆቻችን ነገር ነው። «ትንሽ ሳሉ ይመጡ ነበር፤ አሁን ግን እምቢ አሉ»፣ «ዩኒቨርሲቲ ከገባች ወዲህ የቤተ ክርስቲያን ደጅ አልረገጠችም»፣ «ልጄ ምን እንደሚያምን እንኳ አላውቅም» እንባባላለን። ስሞታው እውነት ነው። ከዓመት ዓመት እየተደጋገመ ስለሰማነው ግን ጆሯችን ለምዶታል። የተለመደ ስሞታ ደግሞ ቀስ በቀስ ሕመምነቱ ይቀርና ወሬ ይሆናል።

እኔን የሚገርመኝ ጥፋቱን የምንጥልበት ቦታ ነው። አንዱ አሜሪካን ይወቅሳል። ሁለተኛው ካህናቱን ይወቅሳል። ሦስተኛው፣ ምናልባትም አብዛኛው፣ ቋንቋውን ይወቅሳል። በሦስቱም ወቀሳ ውስጥ እውነት አለ፤ ነገር ግን ሦስቱም ከቤታችን በር ውጭ ይቆማሉ። በዚህ ጽሑፍ የምሞግተው አንድ ነገር ነው፦ ለልጆቻችን ልናስተላልፍ የምንደክመው ብዙውን ጊዜ እምነታችንን ሳይሆን ናፍቆታችንን ነው፤ ናፍቆት ደግሞ አይወረስም። የምጽፈው በቅርብ ስለማውቀው፣ በሰሜን አሜሪካ ስላለው የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመን ነው። የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ወገኖቻችንም ከዚህ ፈተና ነፃ እንዳልሆኑ ከራሳቸው አንደበት እሰማለሁ። ለእነርሱም የሚሆን ነገር ቢገኝበት ደስ ይለኛል።

«ቋንቋው ነው» ስንል

ከጠንካራው ክርክር ልጀምር። እንግሊዝኛ ብቻ የሚሰማ የአሥር ዓመት ልጅ በግዕዝና በአማርኛ የሚቀደስ ቅዳሴ ላይ ሦስት ሰዓት ያህል ቆሞ፣ ከዚያ አንድ ሰዓት ስብከት ሰምቶ፣ አንድም ነገር ሳይገባው ወደ ቤቱ ቢመለስ በደል ተፈጽሞበታል። ይህን የሚክድ ሰው ልጅ የሌለው ወይም ልጁን ያልጠየቀ ነው። ስለዚህ በእንግሊዝኛ መቀደስ፣ መስበክና መጻሕፍትን ማሳተም ይገባል የሚሉት ወገኖች ትክክል ናቸው።

ነገር ግን ችግሩ ቋንቋ ብቻ ቢሆን ኖሮ የአሜሪካ ክርስቲያኖች ምንም ችግር ባልነበረባቸው። እነርሱ በእንግሊዝኛ ይሰብካሉ፣ በእንግሊዝኛ ይዘምራሉ፤ ለሕፃናት የተዘጋጀ መጽሐፍ፣ ፊልምና የበጋ ካምፕ ሞልቶ ተርፏቸዋል። ሆኖም ፒው የተባለው የጥናት ማዕከል እንዳወጣው፣ እ.ኤ.አ. በ2007 ከአሜሪካ አዋቂዎች 78 በመቶ ያህሉ ራሳቸውን ክርስቲያን ብለው ይጠሩ ነበር። በ2014 ይህ ቁጥር ወደ 71 በመቶ ወረደ። በ2023 እና በ2024 በተደረገው ጥናት ደግሞ 62 በመቶ ሆነ። ከእምነቱ የወጡትም በብዛት ወጣቶች ናቸው። እነዚህ ልጆች የስብከቱ ቋንቋ አልጠፋቸውም። አንድ ሌላ ነገር ጠፍቷቸው ነው።

በሌላ በኩል «አማርኛና ግዕዙ ከተነካ ሃይማኖታችን ተነካ» የሚሉትም የራሳችንን ታሪክ የዘነጉ ይመስለኛል። ለመሆኑ ዘጠኙ ቅዱሳን ወደ አክሱም ሲመጡ መጻሕፍትን ወደ ግዕዝ በመመለስ ሥራ አይደለም ወይ ስማቸው የሚነሳው? በኋላም ግዕዝ ከሕዝቡ አፍ ሲጠፋ ሊቃውንቱ ምን አደረጉ? ንባቡን በግዕዝ ይዘው ትርጓሜውን በአማርኛ አወረዱት። አንድምታ የምንለው ትልቅ ሀብት የተገኘው እንዲህ ነው። አባቶቻችን ሕዝቡ የሚሰማውን ቋንቋ ፈልገው ወረዱለት እንጂ ሕዝቡ ወደ እነርሱ ቋንቋ እስኪወጣ አልጠበቁም። ጎረቤቶቻችን ግብፃውያን ክርስቲያኖችም የቅብጥ ቋንቋቸው ከቤት ሲጠፋ በዓረብኛ ማስተማር ጀመሩ፤ ዛሬ ደግሞ በአሜሪካ በእንግሊዝኛ ይቀድሳሉ። ቤተ ክርስቲያናቸው አልፈረሰችም።

እንግዲህ መተርጎም ግዴታችን ነው፤ ትርጉም ብቻውን ግን እምነት አይወልድም። ቤት ውስጥ በአማርኛ ያልነበረ ነገር ወደ እንግሊዝኛ ሊተረጎም አይችልም። የቋንቋው ክርክር ለብዙዎቻችን የሚመቸን ኮሚቴ ስለሚፈታው ይመስለኛል። ኮሚቴ የማይፈታው ግን እቤታችን ተቀምጧል።

መንደሩ ያስተምር ነበር

ሀገር ቤት ያደግን ሰዎች እምነታችንን ከማን ተማርን? አብዛኞቻችን አባታችን ወይም እናታችን ቁጭ አድርገው ምሥጢረ ሥላሴን እንዳስተማሩን አናስታውስም። ቄስ ትምህርት ቤት የገባን ፊደል ቆጥረን፣ መልእክተ ዮሐንስን አንብበን፣ ከተሳካልንም ዳዊት ደግመናል። ከዚህ ሁሉ በላይ ያስተማረን ግን መንደሩ ነው። ዐቢይ ጾም ሲገባ ሥጋ ቤቱ ይዘጋል። ረቡዕና ዓርብ ከየቤቱ የሚወጣው የወጥ ሽታ ይለወጣል። የንስሐ አባት ጠበል ይዘው ይመጣሉ፤ አባወራው ተነስቶ መስቀል ይሳለማል። እናት የማርያምን ጽዋ ስታወጣ ልጅ እንግዳ ያስተናግዳል፣ እጅ ያስታጥባል። በደጅ የሚለምነው የኔ ቢጤ እንኳ የቀኑን ቅዱስ ስም ጠርቶ፣ በ12 «ስለ ሚካኤል»፣ በ21 «ስለ ማርያም» እያለ ለሕፃናቱ ወራዊውን በዓል ያስጠናቸው ነበር።

ስለዚህ ወላጆቻችን ስለ እምነታቸው ብዙ መናገር አላስፈለጋቸውም። እነርሱ ዝም ቢሉ መንደሩ ይናገርላቸው ነበር። እኛ ያንኑ ዝምታ ይዘን መንደሩ በሌለበት ሀገር ተቀመጥን። ሕንፃ ገዛን፣ ታቦት አስመጣን፣ ካህን ቀጠርን፤ ይህም በብዙ ድካምና በብዙ ገንዘብ የተገኘ ስለሆነ የሚናቅ አይደለም። ነገር ግን በሳምንት አራት ሰዓት የሚከፈት ሕንፃ፣ በሳምንት መቶ ስልሳ ስምንት ሰዓት ይሠራ የነበረውን መንደር ሊተካ አይችልም። በዚህ ሀገር ከመንደሩ የተረፈ አንድ ነገር ቢኖር ቤታችን ነው። እሱም ዝም ካለ ልጁ ከየት ይስማ?

መንደሩን እያሞገስኩ ነው እንዳይባልብኝ አንድ ነገር ልጨምር። የመንደር እምነት ጠንካራ ቢመስልም ነፋስ ሲመጣ ምን እንደሆነ አይተናል። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ መጀመሪያ ከየገጠሩና ከየአውራጃው ከተማ ወደ ዩኒቨርሲቲ የመጡት ወጣቶች ብዙዎቹ በጾምና በጸሎት ቤት ያደጉ ነበሩ። ዳዊት የደገሙም ነበሩባቸው። የማርክስና የሌኒን መጻሕፍት ሲደርሱ ግን የአያቶቻቸው ሃይማኖት ለብዙዎቹ አንድ ዓመት ክርክር እንኳ አልቆመላቸውም። ሃይማኖቱ ደካማ ስለነበረ አይመስለኝም። ከልማዱ ጀርባ ያለውን ምክንያት ማንም ቤት ውስጥ አውርቶላቸው ስለማያውቅ ነው። ልጆቻችን ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ሲገቡ የሚገጥማቸው ከዚያ የተለየ አይደለም። ልዩነቱ እነዚያ ቢያንስ ሲወጡ ከምን እንደሚወጡ ማወቃቸው ነው።

ሀገር ፍለጋ የተመለስን

አሁን ወደሚያመው ነገር ልግባ። ይህን ጽሑፍ ከሚያነቡት ብዙዎቹ ምሁራን ናቸው፤ ከእነርሱም በርካታው በአብዮቱ ዘመን ያለፈ ወይም በዚያ ዘመን ሰዎች እጅ የተማረ ነው። ከዚህ ትውልድ ብዙው ወደ ቤተ ክርስቲያን የተመለሰው በስደት ነው። ሀገር ቤት ሳለ ደጀ ሰላም ያልረገጠ ሰው ዋሽንግተን ወይም ስቶክሆልም ሲገባ ነጠላ ለብሶ አስቀዳሽ ሆነ። ለምን? ከዕጣኑ ሽታ ጋር ሀገር ይሸተው ነበር። ከቅዳሴው በኋላ በሚጠጣው ቡና ዙሪያ ቋንቋውን የሚሰማ ሰው ያገኛል፤ ያለቅሳል፤ ይስቃል፤ ይጽናናል።

በዚህ አልቀልድም። ናፍቆት የተከበረ ስሜት ነው፤ እግዚአብሔርም ሰውን በናፍቆት በኩል ሊጠራው ይችላል። ችግሩ የሚመጣው ናፍቆታችንን እምነት ብለን ሰይመን ለልጅ ልናወርስ ስንነሳ ነው። አትላንታ የተወለደ ልጅ ጎንደርን ሊናፍቅ አይችልም፤ አላየውማ! የጥምቀት ከተራ ትዝ ሊለው አይችልም። ለእኛ በከበሮው ድምፅ የሚመጣው ነገር ሁሉ ለእሱ አይመጣም። እሱ የሚሰማው ከበሮውን ብቻ ነው። ስለዚህ «ይህ ማንነትህ ነው፣ ይህ የሦስት ሺህ ዘመን ታሪክህ ነው» ስንለው በጨዋነት ያዳምጠናል፤ በገናና በፋሲካ የሀገር ልብስ ለብሶ ፎቶግራፍ ይነሳልናል፤ ሲያድግ ደግሞ የአያቱን ምንጣፍ እንደሚያስቀምጥ ሰው ሃይማኖቱን አጣጥፎ ያስቀምጠዋል። አልካደም። ቅርስ ነው ተብሎ የተሰጠውን በቅርስነት አስቀመጠው።

በየዓመቱ በበዓል ቀን የሚቀርበውን የሕፃናት ዝማሬ እንመልከት። ልጆቹ የአማርኛውን መዝሙር በላቲን ፊደል ተጽፎላቸው ያጠናሉ። እናቶች ያለቅሳሉ፣ አባቶች ቪዲዮ ይቀርጻሉ፣ ጭብጨባው ይቀልጣል። በቃል ማጥናትን አልነቅፍም፤ አባቶቻችንም ሳይገባቸው አጥንተው በኋላ ትርጉሙን ያገኙ ነበር። ጥያቄዬ ሌላ ነው። ከጭብጨባው በኋላ፣ መኪና ውስጥ፣ «የዘመርከው ምን ማለት ነው? አንተስ ታምነዋለህ ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ ወላጅ ስንት ነው? ልጁ የዘመረው ለማን እንደሆነ በደንብ ያውቃል። ለእኛ ነው የዘመረው።

ልጅ የሚያየው

የሶሲዮሎጂ ምሁሩ ክርስቲያን ስሚዝ ከሜሊንዳ ደንተን ጋር እ.ኤ.አ. በ2005 ያሳተመው ጥናት በዚህ ጉዳይ ላይ ሊነበብ ይገባዋል። ከ13 እስከ 17 ዓመት ያሉ ከ3000 በላይ አሜሪካውያን ልጆች ላይ የተደረገ ነው። ጥናቱ ያገኘው ብዙ ሰው ከሚገምተው የተለየ ነበር። ልጆቹ በአብዛኛው በወላጆቻቸው ሃይማኖት ላይ አላመፁም። ነገር ግን ምን እንደሚያምኑ ሲጠየቁ መናገር አቃታቸው። አምላካቸው ሩቅ ነው፤ ችግር ሲመጣ ብቻ ይጠራል፤ ከእነርሱም የሚፈልገው ጨዋ ሆነው ደስ ብሏቸው እንዲኖሩ ነው። ተመራማሪዎቹ ይህን ከየት አመጡት ብለው ሲመረምሩ ከሁሉም በላይ ተጽዕኖ ያላቸው ወላጆቻቸው ሆነው ተገኙ። እንግዲህ ልጆቹ የወላጆቻቸውን እምነት አልጣሉም። በትክክል ቀድተውታል።

ሌላው ምሁር ቨርን ቤንግትሰን በደቡብ ካሊፎርኒያ ከ350 በላይ ቤተሰቦችን እ.ኤ.አ. ከ1970 ጀምሮ ለ35 ዓመታት ያህል ተከታትሎ በ2013 መጽሐፍ አውጥቷል። ወላጅ አጥባቂ መሆኑ ብቻውን እንደማይበቃ ያሳያል። ከልጁ ጋር ያለው ቅርበትና ፍቅር፣ በተለይም የአባትየው፣ ለእምነቱ መተላለፍ ትልቅ ድርሻ አለው። አያቶችም ከሚታሰበው በላይ ድርሻ አላቸው። ይህን ሳነብ የእኛ ቤት ይታየኛል። በእኛ ዘንድ ሃይማኖት የእናት ሥራ ሆኗል። እናት ትጾማለች፣ ታስጾማለች፣ ልጆቹን አልብሳ ይዛ ትወጣለች። አባት ደግሞ ወይ ሥራ ላይ ነው፣ ወይ ከቤተ ክርስቲያኑ ውጭ ቆሞ ስለ ሀገር ይከራከራል። ወንድ ልጅ ይህን አይቶ «ትልቅ ወንድ የሚጨነቅበት ነገር ሌላ ነው» ብሎ ቢደመድም ጥፋቱ የማን ነው?

ልጅ የሚያየው ሌላም አለ። ከሲኖዶሱ መከፈል በኋላ፣ እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጀመሪያ አንስቶ በሐምሌ 2018 ዋሽንግተን ላይ እርቅ እስኪወርድ ድረስ፣ ሩብ ምዕተ ዓመት ያህል «የሀገር ቤቱ»፣ «የስደተኛው»፣ «ገለልተኛው» እየተባባልን ኖርን። አበልጆች ተኳረፉ። በአንድ ከተማ የሚኖሩ ወንድማማቾች በተለያየ ቤተ ክርስቲያን ፋሲካን አከበሩ። በየቦታው የቦርድ ጠብ ተነስቶ ጉዳዩ አሜሪካዊ ዳኛ ፊት ቀረበ። የልጆቻችን እንግሊዝኛ ከእኛ ይሻላልና የፍርድ ቤቱን ወረቀት አንብቦ የሚያስረዳን ማን ነበር? ልጁ! እሁድ ጠዋት ስለ ፍቅር የተሰበከውን ስብከት ባይሰማ እንኳ እሁድ ማታ የመጣውን ክስ ግን ተረድቶታል። የክርክሩ መንስኤ ሁሉ ተራ ነው አልልም፤ ቀኖናን የሚመለከት ከባድ ጥያቄ ነበረበት። ነገር ግን እኛ በታረቅን ጊዜ በጠቡ መጀመሪያ የተወለዱት ልጆች አድገው ሄደው ነበር። ከእርቁ በኋላስ ልጆቻችንን ሰብስበን «እንዲህ ሆነን ነበር፤ ስላያችሁት ነገር ይቅር በሉን» ያልን ስንት ነን?

ከመንደሩ ይልቅ ማዕዱ

ታዲያ ምን ይደረግ? አዲስ ዘዴ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። በአራተኛው መቶ ዘመን የነበረው ዮሐንስ አፈወርቅ ልጆችን ስለማሳደግ የጻፈው አንድ ድርሳን አለ። ምክሩ በጣም ቀላል ነው። ማታ ራት ላይ የቃየንንና የአቤልን፣ የያዕቆብንና የዔሳውን ታሪክ ለልጅህ ንገረው፤ በሌላ ቀን ደግሞ እሱ ይንገርህ፤ እናቱም ተቀምጣ ትስማ። ከዚያ ያ ታሪክ በሚነበብበት ቀን ወደ ቤተ ክርስቲያን ውሰደው፤ የሚያውቀው ነገር ሲነበብ ሰምቶ ደስ ይለዋል ይላል። ልብ ይሏል! ቤቱ ይቀድማል፤ ቤተ ክርስቲያን ቤቱ የጀመረውን ታጸናለች። እኛ ግን ገልብጠነዋል። ቤተ ክርስቲያን ሁሉንም እንድትጀምርም እንድትጨርስም እንጠብቃለን። የልብስ ማጠቢያ ቤት እንደሚሰጥ ጨርቅ ልጁን አስረክበን ሲያልቅ ልንወስደው እንመጣለን።

ታሪክ ከጠፋን የራሳችን አለን። በትምህርት ቤት ውጤት አልመጣ ብሎት አንገቱን የደፋ ልጅ ያለው ወላጅ የቅዱስ ያሬድን ታሪክ ይንገረው። ትምህርት አልገባ ብሎት ከመምህሩ የሸሸው ልጅ ከዛፍ ሥር ተቀምጦ ደጋግማ እየወደቀች የምትወጣውን ትል አይቶ መመለሱን ይንገረው። በእንግሊዝኛ ቢነግረው ታሪኩ አይቀንስም።

ጾምንም እንዲሁ። በእኛ ልማድ ልጅ ጾም የሚለማመደው በፍልሰታ ነው፤ የሕፃናት ጾም የሚባለውም ለዚህ ነው። ፍልሰታ ከነሐሴ 1 እስከ 15 ነው፤ በአሜሪካ አቆጣጠር ኦገስት 7 ይገባል። በብዙ ቦታ ያኔ ትምህርት ቤት ዝግ ነው ወይም ገና እየተከፈተ ነው። የካፍቴሪያው ፒዛ አያስቸግርም። ከዚህ የተሻለ አጋጣሚ ከየት ይመጣል? ነገር ግን «ጾም ስለሆነ አትብላ» ብቻ ብለን ካቆምን ያስተማርነው የምግብ ዝርዝር ነው። ያልበላነውን ምሳ ዋጋ ልጁ ራሱ ቆጥሮ ለተራበ ሰው እንዲሰጥ ብናደርግ፣ በዚያ ሳምንትም አባት ከተጣላው ሰው ጋር ሲታረቅ ልጁ ቢያይ፣ ጾም ምን እንደሆነ ሌላ ማብራሪያ አይፈልግም።

ከሁሉ የሚያስፈራን የልጆቹ ጥያቄ ነው። «እግዚአብሔር ካለ ይህ ሁሉ ሕፃን ለምን ይሞታል? ሳይንሱ እንዲህ ሲል ቤተ ክርስቲያን ለምን እንዲያ ትላለች? ሌላ ሃይማኖት ያላት ጓደኛዬስ?» ሲሉን «ዝም በል፣ ኃጢአት ነው» እንላለን። ይህ መልስ የሊቃውንቱም አይደለም። የአንድምታ መምህር አንዱን ንባብ ይይዝና «አንድም» እያለ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ፣ አራተኛ ፍቺ ያመጣል። ተማሪው ይጠይቃል፤ መምህሩ ይመልሳል። ጥያቄን የማይፈራ ትምህርት የነበራት ቤተ ክርስቲያን ልጆች ነን። ወላጅ ሁሉን ማወቅ አይጠበቅበትም። «ይህን አላውቅም፤ አብረን እንጠይቅ» የሚል አባት ልጁን አያጣውም። የሚያጣው ሳያውቅ የተቆጣው ነው።

ይቅርታ መጠየቅም አለ። በባህላችን አባት ልጁን ይቅርታ መጠየቁ እንደ ውርደት ይታያል። ነገር ግን ልጅ ንስሐ የሚባለውን ነገር በመጀመሪያ የሚያየው የት ነው? አባቱ ያለ አግባብ ከጮኸበት በኋላ ወደ መኝታ ክፍሉ ገብቶ «ልጄ፣ አጥፍቻለሁ፤ ይቅር በለኝ» ሲለው ነው። ይህን ያየ ልጅ አድጎ ንስሐ አባት ፊት ሲቆም እንግዳ ነገር አይሆንበትም። ያላየ ግን ሃይማኖት ማለት ትልልቆች ትንንሾችን የሚቆጣጠሩበት መሣሪያ ነው ብሎ ያስባል።

የክርስትና አባትና እናትንም አንርሳ። ወንድ በ40 ቀኑ፣ ሴት በ80 ቀኗ ስትጠመቅ አበልጅ የሚሆነው ሰው ልጁን በሃይማኖት ለማሳደግ ኃላፊነት ይወስዳል። እኛ አበልጅ የምንመርጠው ግን በወዳጅነት፣ አንዳንዴም በኪሱ ነው። በዓመት አንዴ ስጦታ ይልካል፤ ይኸው ነው። ወላጅ ያልቻለውን ጥያቄ የሚቀበል፣ ወጣቱ ደውሎ «እናቴን መጠየቅ አፍሬ ነው» የሚለው አንድ የክርስትና አባት ከብዙ ጉባኤ ይበልጣል።

«ጊዜ የለንም»

«ሁለት ሥራ እየሠራን፣ ሌሊት እያደርን ይህን ሁሉ መቼ እናደርገዋለን?» የሚል ተቃውሞ እንደሚነሳ አውቃለሁ። ይህ ምክንያት የሰነፍ አይደለም። ታክሲ ሲነዳ የሚያድር አባትና በአረጋውያን መጦሪያ ሌሊት የምትሠራ እናት ባሉበት ቤት ራት ላይ በሳምንት አንድ ቀን መገናኘትም ፀጋ ነው። ነገር ግን እምነት የሚተላለፈው በተረፈ ጊዜ አይደለም። ከሌሊት ሥራ ደክማ የገባች እናት ጫማዋን አውልቃ ለአምስት ደቂቃ ሥዕለ አድኅኖው ፊት ስትቆም ያየ ልጅ፣ ምን እንዳለች ባይሰማ እንኳ፣ ለእናቱ ከእንቅልፍ የሚበልጥ ነገር እንዳለ አውቋል። ልጅ የሚመዝነው ወላጁ ለእምነቱ የከፈለውን ነው። ምንም ያላስከፈለንን ነገር «ውድ ነው» ብንለው አያምነንም።

በመጨረሻም፣ ይህን ሁሉ ያደረገ ሰው ልጁ በእርግጥ ያምናል ማለት አይደለም። ነቢዩ ሳሙኤል ታላቅ ሰው ነበር፤ ልጆቹ ግን በመንገዱ አልሄዱም። እምነት እንደ ቤትና እንደ መሬት በኑዛዜ የሚተላለፍ ቢሆን ኖሮ እምነት ባልተባለ። ስለዚህ ልጁ ከቤተ ክርስቲያን የራቀበትን ወላጅ የምንፈርድበት ምክንያት የለም፤ የልቡን ሐዘን እሱና አምላኩ ያውቁታል። በሩንም ክፍት አድርጎ ይጠብቅ። በሌላ በኩል የጢሞቴዎስን ቤት እናስታውስ። ከኢየሩሳሌም ርቆ በልስጥራ ያደገ፣ አባቱ ግሪካዊ የሆነ፣ በሁለት ባህል መካከል የቆመ የስደት ልጅ ነበር። ሐዋርያው ጳውሎስ ስለ እምነቱ ሲያነሳ የሚጠራው አያቱን ሎይድንና እናቱን ኤውንቄን ነው። ግብዝነት የሌለበት እምነት መጀመሪያ በእነርሱ እንደነበረ ይመሰክራል። ጢሞቴዎስ ኢየሩሳሌምን ናፍቆ እንደሆነ መጽሐፍ አይነግረንም። ቤቱ ውስጥ ያየውን እምነት ግን ተቀበለ።

እኛም ለልጆቻችን ልንሰጣቸው የምንችለው ይህንኑ ነው። ሀገራችንን እንንገራቸው፤ ፊደሉን እናስተምራቸው፤ ቅርሱንም እናሳያቸው፤ ጥሩ ነው። ግን ከዚያ አስቀድሞ እያንዳንዳችን ራሳችንን እንጠይቅ፦ ኢትዮጵያ የሚባል ሀገር ባይናፍቀኝ ኖሮ፣ ዛሬ ማታ እቤቴ እጸልይ ነበር ወይ? ልጆቻችን ይህን ጥያቄ በልባቸው ከጠየቁን ቆይተዋል።

ልቡና ይስጠን። ቸር ይግጠመን።